ባለ አራት መሮ፣ ከስምንት ወር ሥራ በኋላ

ስብስቡ አራት መሮ ነው፦ 6፣ 12፣ 18 እና 25 ሚሊ። ብረቱ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» ተጽፎበታል፤ እጀታው እንጨት ሆኖ አናቱ በብረት ቀለበት ታስሯል። ከኅዳር እስከ ሐምሌ አዳማ ውስጥ በርና መስኮት ሲሠራበት ከረመ፤ በአብዛኛው ዋንዛ፣ ባሕር ዛፍና ጥድ፣ አልፎ አልፎም ወይራ። ብረቱ ጥሩ ነው፤ የፋብሪካው አጨራረስ ግን ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው። ቀሪውን ገዢው መጨረስ አለበት።

ዋናው ሥራ ጀርባው (ጠፍጣፋው ፊት) ላይ ነው። ብዙ ሰው ሰያፉን (ተዳፋት ሆኖ የተሞረደውን ፊት) ብቻ ይስላል። ስለት ግን ሁለት ፊቶች የሚገናኙበት መስመር ነው፤ ጀርባው ጎርባጣ ከሆነ ሰያፉን ቀኑን ሙሉ ቢስሉት አይቆርጥም። ከአራቱ የሦስቱ ጀርባ መሃሉ ስርጉድ ያለ ነበር። ይህ አያሳስብም፤ ጫፉ ቀድሞ ስለሚነካ ቶሎ ይስተካከላል። 25ቱ ግን ሆዱ የወጣ ነበርና መስታወት ላይ ሲጋደም ይወዛወዛል፣ ጫፉም አይነካም። 8 ሚሊ መስታወት ላይ በተለጠፈ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እሱን ማቅናት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሙሉ ርዝመቱን መልፋት አያስፈልግም፤ ከጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ 240፣ 400፣ 800 እና 1200 ይከተላሉ። የፊተኛው ጭረት ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ብረቱ የተቀባውን ቫርኒሽ በቲነር ጥረጉ፤ አለዚያ ወረቀቱን ይደፍነዋል። ማሳረጊያው በጣውላ ላይ የተለጠፈ ቆዳ ነው፤ ሞጆ አጠገብ ሆኖ ቆዳ አጣሁ ማለት አይቻልም።

ሰያፉ ከፋብሪካ የመጣው በ25 ዲግሪ ነው። ለዋንዛ ይስማማዋል። ወይራና የጥድ አንጓ ላይ ግን የ12ቱ ስለት በመጀመሪያው ሳምንት ተሸራረፈ። አዲስ መሮ ሲሸራረፍ ብረቱ መናኛ ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ ፋብሪካ ሲሞረድ ስሱ ጫፍ በሙቀት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስቴ ተስሎ የተጎዳው ክፍል ሲያልቅ፣ ጫፉ ላይም ቀጭን የ30 ዲግሪ መስመር ሲጨመርበት፣ መሸራረፉ ቆመ። ማዕዘን መለኪያ ለሌለው ቀላል ዘዴ አለ፦ የሰያፉ ርዝመት የብረቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ሲሆን 30 ዲግሪ ነው። ብረቱ 4 ሚሊ ከሆነ ሰያፉ 8 ሚሊ ይሆናል፤ ለ25 ዲግሪ ደግሞ 9 ሚሊ ተኩል ገደማ።

ሞላ (የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ) ላይ መሳል የሚወድ ይጠንቀቅ። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሷል፤ ጥንካሬው ሄዷል፣ ውሃ ውስጥ መንከርም አይመልሰውም። ያ ክፍል ተሞርዶ ከመውጣት በቀር መፍትሔ የለውም።

የአዳማ በጋ ያጋለጠው ትልቁ ጉድለት እጀታው ነው። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ ይመስለኛል፤ ጥር ላይ ኮሰሰና የሁለቱ ቀለበት በእጅ መዞር ጀመረ። እጀታው ወደ ታች እየወፈረ ስለሚሄድ ቀለበቱን ከአናቱ 3 ሚሊ ዝቅ እስኪል ምቱት፤ ሲወርድ ይጠብቃል። ከላይ የቀረውን እንጨት በውሃ አርሱና ጠርዙን ዙሪያውን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ቀለበቱ ላይ አጥፉት። ውሃው ሲደርቅ እጀታውን የተልባ ዘይት አጠጡት፤ ከዚያ ወዲህ አልላላም። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉት፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ከተፈለፈለ በኋላ ብረቱ ሳይጠረግ ካደረ ጠዋት ሰማያዊ ጥቁር እድፍ ይዞ ይገኛል። ዝገት አይደለም፣ ታኒን የሚባለው የእንጨቱ ንጥረ ነገር ብረቱን ሲነካ የሚተወው ነው፤ በ800 ወረቀት ይለቃል። ቺፑድና ኤም ዲ ኤፍ (ከእንጨት ፍርፋሪና ብናኝ ተጨምቀው የተሠሩ ሰሌዳዎች) ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ግን ስለት ይበላል፤ ለእነሱ አሮጌ መሮ ይመደብ።

የበር ቁልፍ ቤት ለመፈልፈል 18ቱ በየ4 ሚሊው እየተመታ ሲገባ ዋንዛን ያለ ችግር ያወጣል፤ የመጨረሻዎቹን 2 ሚሊዎች ከመስመሩ ላይ ማንሳት የመጨረሻ ሥራ ይሁን፣ አለዚያ ብረቱ ሲነቀነቅ ጠርዙን ይጨፈልቀዋል።

6ቱ አያረካም። ጎኖቹ ጫፉ ድረስ 3 ሚሊ ስለሚወፍሩ የመሳቢያ ማዕዘን ውስጥ አይገባም፣ ስለቱም ከጎኑ ጋር ቀጥ ያለ አልነበረም። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ትንሽ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መፈተሻ) ይዛችሁ ስለቱ ላይ አስጠጉ፤ ጀርባውንም በብረት ማስመሪያ ብርሃን ላይ እዩት። በመጨረሻም መሮውን ወደ ዓይናችሁ አቅንታችሁ ብረቱና እጀታው አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ተመልከቱ፤ ይህ ከተጣመመ በኋላ በቤት አይቃናም።