ባለ 130 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ፦ ስለ ፈጣሪ ጥያቄ ይዞ ለሚገዛው ሰው

ቴሌስኮፕ ከሚገዙት ብዙዎቹ ጥያቄ ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» የሚለውን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ሌላው ከልጅነቱ ይዞት ያደገው እምነትና በትምህርት ቤት የተማረው ሳይንስ አልገጥም ብለውት ተቸግሯል፤ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ አይቶ መወሰን ይሻል። ይህ ግምገማ ለሁለቱም ነው። የምንመለከተው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን፣ ባለ 130 ሚሊሜትር መስታወቱን ቴሌስኮፕ ነው። ለጀማሪ ከሚሸጡት መካከል ለወጣበት ገንዘብ የሚበቃ ሥራ የሚሠራው ይህ ዓይነቱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በቱቦው ግርጌ ጎድጎድ ያለ መስታወት አለ፤ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ አፉ ይመልሰዋል። አፉ አጠገብ ያለችው ትንሽ ዝርግ መስታወት ደግሞ ብርሃኑን ወደ ጎን አጥፋ ለዓይን ታቀርበዋለች። በ1668 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያለውን ቴሌስኮፕ ሠርቶ ያሳየው አይዛክ ኒውተን ነው፤ ስለ መጽሐፍ ቅዱስም ብዙ የጻፈ ሰው ነበር። የመስታወቱ የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ብርሃኑ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ የሚሄደው ርቀት፣ 650 ሚሊሜትር ነው። ከሳጥኑ ጋር ሁለት የዓይን ሌንሶች ይመጣሉ፤ ባለ 25 ሚሊሜትሩ 26 እጥፍ፣ ባለ 10ሩ 65 እጥፍ ያጎላል። ስሌቱ 650ን ለሌንሱ ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው። የሚሰበስበው ብርሃን በጨለማ በደንብ ከተከፈተ የሰው ዓይን 300 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ሳጥኑ ላይ «500 እጥፍ ያጎላል» የሚል ከተጻፈበት ዕቃ ራቁ። የመስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ተለክቶ በሁለት ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ለዚህ መሣሪያ 260 መሆኑ ነው። በተግባር ግን አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ አብዛኛውን ምሽት ከ150 በላይ ማጉላት ምስሉን ከማደብዘዝ ሌላ ጥቅም የለውም።

ከመመልከት በፊት ሦስት ሥራዎች አሉ። «ምንም አይታይም» ብለው ዕቃውን የሚመልሱት አብዛኞቹ ከሦስቱ አንዱን የዘለሉ ናቸው። የመጀመሪያው ቀይ ነጥብ ያላትን ማነጣጠሪያ ማስተካከል ነው። በቀን፣ ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ራቅ ያለ አንቴና ወይም ምሰሶ በ25ቱ ሌንስ መሃል ላይ አስገቡ፤ ከዚያ ቱቦውን ሳትነኩ ነጥቧ እዚያው እስክታርፍ የማነጣጠሪያውን ብሎኖች አዙሩ።

ሁለተኛው መስታወቶቹን ማጣጣም ነው። በመሃሉ ቀዳዳ ያለው ክዳን የዓይን ሌንሱ ቦታ ላይ ይገባል። በቀዳዳው ስታዩ ትልቁን መስታወት የያዙት ሦስት መቆንጠጫዎች በሙሉ ካልታዩ የትንሿን መስታወት ሦስት ብሎኖች በትንሹ፣ ከሩብ ዙር ሳታሳልፉ፣ አስተካክሉ። ቀጥሎ በቱቦው ጀርባ ያሉትን ብሎኖች እያዞራችሁ በትልቁ መስታወት መሃል ያለውን ምልክት ከቀዳዳው ምስል ጋር አገናኙ። ዕቃው በጉዞ ስለሚንገላታ አዲሱም ቢሆን ይህን ይፈልጋል። ሦስተኛው ትዕግሥት ነው፦ ከቤት ሙቀት የወጣ መስታወት እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ውጭ ይቆይ፤ አለበለዚያ ፕላኔቶቹ የፈላ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በቱቦው አፍ ላይ የሚገጠም የፀሐይ ማጣሪያ ሳይኖር ወደ ፀሐይ ማነጣጠር ዓይንን ለዘለቄታው ያጠፋል። የዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዘው ትንሽ ጥቁር መስታወት በሙቀት ስለሚሰነጠቅ አይታመንም።

አሁን ወደ ጁፒተር። በ65 እጥፍ ስትታይ በባዶ ዓይን ከምናያት ሙሉ ጨረቃ አታንስም፦ ክሬም መሳይ ክብ፣ ወገቧ ላይ ሁለት ቡናማ መቀነት፣ ግራና ቀኟ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ነጥቦች፤ ጨረቃዎቿ ናቸው። ጋሊሊዮ ጥር 7 ቀን 1610፣ 20 እጥፍ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ፣ ሦስቱን አየ፤ ጥር 13 አራተኛዋን ጨመረ። ወረቀት ይዛችሁ አንድ ክብ ሳሉ፤ በየምሽቱ ነጥቦቹን ባሉበት አስፍሩ። የቅርቧ አዮ አንዱን ዙር በ42 ሰዓት ስለምትጨርስ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንኳ ቦታ ስትለውጥ ትታያለች። ይህን አንድ ሳምንት የሠራ ሰው በምድር ዙሪያ የማይዞሩ የሰማይ አካላት መኖራቸውን በማንም ምስክርነት ሳይሆን በገዛ እጁ ጽሑፍ ያውቃል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያሻል፤ የመሣሪያው ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነውና። ጁፒተር በሌንሱ ውስጥ አትቆምም፤ በ65 እጥፍ ሦስት ደቂቃ ገደማ ቆይታ ከጠርዙ ትወጣለች። የምትዞረው ምድር ናት ወይስ ሰማዩ? ሌንሱ ብቻውን አይለይም፤ በሁለቱም የሚታየው አንድ ነው። ቬኑስ እንደ ጨረቃ ስትሞላና ስትጎድል ማየት ሁሉም በምድር ዙሪያ ይዞራል የሚለውን የጥንቱን የፕቶለሚን አደረጃጀት ያፈርሳል፤ ሆኖም ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ፣ ፀሐይ ደግሞ በምድር ዙሪያ ትዞራለች ያለውን የቲኮ ብራሄን አያፈርስም። ምድር በምህዋሯ ስትሄድ አንድ ኮከብ በጥቂቱ ቦታ የሚለውጥ መምሰሉን ፍሪድሪክ ቤሰል ያሳወቀው በ1838 ነው፤ ልኩም ከአንድ የቅስት ሰከንድ (አንድ ዲግሪ ለ3600 ሲካፈል) ሲሶ አይበልጥም። ይህ መሣሪያ የሚለየው እስከ 0.9 የቅስት ሰከንድ ነው። ምድር ለመንቀሳቀሷ ማስረጃው ሰማይ ላይ አለ፤ በዚህ ቱቦ ግን አይታይም። ታዲያ «ቴሌስኮፕ ውስጥ ፈልጌ እግዚአብሔርን አጣሁት» የሚል ሰው መሣሪያው ምን ለማየት እንደተሠራ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። ብርሃን ለመሰብሰብ የተሠራ መስታወት የሚያሳየው ብርሃን የሚሰጠውን ነው።

በሌላው በኩል የቆሙትም ተመሳሳይ ስህተት ሠርተዋል። በ1616 በሮም ምድር ትዞራለች የሚለው ትምህርት ሲወገዝ፣ በ1633ም ጋሊሊዮ ቃሉን እንዲክድ ሲገደድ፣ ከማስረጃዎቹ አንዱ ኢያሱ ፀሐይን እንድትቆም ያዘዘበት ክፍል ነበር። ጋሊሊዮ ግን አማኝ ነበር። በ1615 በጻፈው ደብዳቤ የአንድ ካርዲናልን አባባል ያነሳል፦ መንፈስ ቅዱስ የሚያስተምረን ወደ ሰማይ እንዴት እንደሚኬድ እንጂ ሰማይ እንዴት እንደሚሄድ አይደለም። በኛ ግምት በዚህ ጉዳይ ከተባለው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ኅዋ እየሰፋ ነው የሚለውን ስሌት በ1927 ያወጣው ካህኑ ዦርዥ ለሜትርም ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ መሆኑን ይናገር ነበር፤ ለእምነቱ ማስረጃ አድርጎ አልሸጠውም።

ግጭቱ የምር የሚሆነው አንድሮሜዳ በሚባለው፣ ከእኛ ውጭ ባለው የከዋክብት ክምችት (ጋላክሲ) ላይ ነው። ዓይናችሁ ጨለማ እንዲለምድ 20 ደቂቃ ያህል ስልክ ሳታዩ ቆዩ፤ ከዚያ በ26 እጥፍ፣ ዓይናችሁን ወደ ጎኑ አድርጋችሁ አስተውሉት። በቀጥታ ካፈጠጣችሁበት ደብዛዛው ዳሩ ይጠፋል። የምታዩት መሃሉ የደመቀ ግራጫ ሞላላ ጭጋግ ነው፤ ሳጥኑ ላይ እንደታተመው ባለ ቀለም ሥዕል የጠበቀ ሰው ይከፋል። ያ ብርሃን ከተነሳ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። የፍጥረት ዕድሜ ከ10 ሺህ ዓመት በታች ነው ብሎ የሚያምን ሰው እዚህ ላይ ያለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ማቃለልም አክብሮት አይደለም። አንዱ መልስ «ፈጣሪ ብርሃኑን በመንገድ ላይ እንዳለ ፈጠረው» የሚል ነው። ነገር ግን በ1885 በዚያው በአንድሮሜዳ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ ታይቷል። ብርሃኑ መንገድ ላይ የተፈጠረ ከሆነ ያ ፍንዳታ ፈጽሞ አልሆነም ማለት ነው፤ ሰማዩ ያልሆነ ታሪክ እየተረከ ነው። እግዚአብሔር እውነተኛ ነው የሚል አማኝ ይህን መልስ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጊዜ ሊያስብበት ይገባል። የዘፍጥረት ቀናት እንደኛ ቀናት ላይሆኑ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ ቴሌስኮፕ ከመፈልሰፉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ በአውግስጢኖስ የተነሳ እንጂ ሳይንስ አስጨንቆ ያመጣው ማምለጫ አይደለም።

ጉድለቶቹን እንናገር። ምስሉን የሚያጠራው ተሽከርካሪ አንገት ጥርሱ ልል ስለሆነ ይወዛወዛል፤ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ሁለት ሦስት ዙር ብትጠቀልሉበት ይጠብቃል። ቱቦው በከፊል ክፍት ስለሆነ የመንገድ መብራት ይገባበታል፤ በጥቁር ወፍራም ወረቀት ሸፍኑት። መቆሚያው ከተጨመቀ እንጨት የተሠራ ነው፤ ጤዛ ከጠጣ ያብጣል። የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ካልተገኘ መሣሪያው ምንም አይጠቅምም። ባለ 10 ሚሊሜትሩ ሌንስ ደካማ ነው፤ ባለ 6 ሚሊሜትር ቢጨመር 108 እጥፍ ይገኛል፤ የሳተርን ቀለበት ከአካሏ ተለይቶ ያኔ ይበልጥ በግልጽ ይታያል። ቀለበቱ በ2025 በጠርዙ ወደኛ ዞሮ ስለነበር ቀጭን ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል። ትልቁ መስታወት ላይ አቧራ ስታዩ በጨርቅ አትጥረጉት፤ የተቀባው ስስ አልሙኒየም ይቧጨራል። ጥቂት አቧራ ምስሉን አይጎዳም።

ጸሎቱ ይሰማ እንደሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው ገንዘቡን ለዚህ አያውጣ። ሰማዩ ምን እንደያዘ፣ ሰዎች ስለ እሱ የተጣሉትስ በምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ግን ያለ ስጋት ይግዛው። የመጀመሪያው ምሽት ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ይሁን፤ ሙሉ ስትሆን ጥላ ስለሌላት ዝርግ ትመስላለች። ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር በ65 እጥፍ ተከተሉ፤ በጨለማው ወገን ብቻቸውን የሚያበሩ ነጥቦች ታገኛላችሁ፤ ፀሐይ የወጣችላቸው የተራራ ጫፎች ናቸው። ጋሊሊዮ እነዚህን አይቶ ከፍታቸውን ሲገምት፣ ብዙ ሊቃውንት የሰማይ አካል ፍጹም ለስላሳ ክብ ነው ብለው ተቃውመውት ነበር። ያ ትምህርት ግን የአርስቶትል እንጂ የቅዱስ መጽሐፍ አልነበረም።