ቤታችንን ላጸዱልን እናት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ጀሞ፣ ለቡ፣ መካኒሳ ወይም አየር ጤና አካባቢ የምትኖሩና ቤታችሁን ከጣሪያ እስከ ወለል ለማጽዳት አስባችሁ ዋጋው ያስፈራችሁ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በዚያውም ምስጋናዬን ላድርስ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ "እናታችን" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከአዲስ ዓመት በፊት የተከራየነው ቤት ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የቀድሞዎቹ ተከራዮች ቤቱን ባዶ አድርገው ወጡ እንጂ አላጸዱትም። የማዕድ ቤቱ ግድግዳ የስንት ዘመን የቁሌት እንፋሎት ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል፤ ጣት ሲያርፍበት ይይዛል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧዎች ነጭ ድንጋይ ለብሰዋል። ከሁሉ የከፋው የመኝታ ቤቱ ጥግ ነበር። ክረምቱን መስኮቱ እንደተዘጋ ከርሞ ጥቁር ሻጋታ ከወለሉ ተነስቶ መስኮቱ ድረስ ወጥቷል። ትንሹ ልጄ አስም ስላለበት "ከገባን በኋላ ቀስ እያልን እናጸዳዋለን" ማለት አልቻልንም።

ገንዘቡስ? ቅድመ ክፍያ፣ ደላላ፣ የጭነት መኪና፣ ጫኝና አውራጅ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ኪሱ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በዚያ ላይ ጳጉሜን ነው፤ ዶሮው፣ ቅቤው፣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ አንድ ላይ የሚመጡበት ጊዜ። አንድ የጽዳት ድርጅት ሰው ልኮ ካየ በኋላ 12,000 ብር ጠየቀን። ለሥራው አይገባም አልልም፣ ማሽንና በርካታ ሠራተኛ ይዘው ነው የሚመጡት። እኛ ግን አልነበረንም። እናታችንን ያገናኘችን የፊት ለፊት ጎረቤታችን ናት።

መጀመሪያ የመጡት ለሥራ ሳይሆን ቤቱን ለማየት ነው። ክፍሎቹን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ የጠየቁኝ ጥያቄ ስለ ቆሻሻው አልነበረም፤ "ውኃ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው?" አሉኝ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ በጀሪካን ውኃ አሸክሞ ማጽዳት ከጽዳቱ ዋጋ እንደሚበልጥ የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ቀጠሮአችንን በፈረቃው ቀን አደረግን፤ ከዚያ በፊት በነበረው ፈረቃም በርሜሎቹን ሞልተን ጠበቅን።

ቀጥለው የዕቃ ዝርዝሬን ተቀበሉኝ። የሴራሚክ ማጽጃ፣ የመስታወት ማጽጃ፣ የምድጃ ማጽጃ፣ የሻጋታ ማጥፊያ፣ መልካም ሽታ የሚሰጥ ፈሳሽ ጽፌ ነበር። አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእነዚህ ጠርሙሶች ዋጋ የት እንደደረሰ ሱቅ የሄደ ያውቃል። አንድ በአንድ ሰረዙልኝ። የቀረው የዱቄት ሳሙና፣ አንድ ሊትር በረኪና፣ ሎሚ፣ ጠንካራ ብሩሽ፣ ጓንትና ያረጁ የጥጥ ልብሶች ብቻ ሆነ። ይህ ሁሉ 600 ብር አልሞላም።

ሥራውን የጀመሩት ያለ ውኃ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው የሸረሪት ድር፣ የቁም ሳጥኑ አናት፣ የበሮቹ ጠርዝ፣ የመስኮቱ ሐዲድ መጀመሪያ በደረቁ ተጠርጎ ወጣ። አቧራ ላይ ውኃ ካፈሰሱበት ጭቃ ሆኖ ሁለተኛ ሥራ ይፈጥራል ይላሉ። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤቱ ገቡ። የዱቄት ሳሙናውን በሙቅ ውኃ ወፍራም አድርገው በጥብጠው ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ቀቡት። ለምን ከታች እንደሚጀመር ስጠይቃቸው፣ ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው ውኃ በደረቁ ግድግዳ ላይ እየወረደ የማይለቅ መስመር እንደሚሠራ አስረዱኝ። ቀብተው ሲጨርሱ ትተውት ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዱ። እኔ ብሩሽ ይዤ ልፈትግ ስል "ተይው ልጄ፣ አንቺ ከምትደክሚ ሳሙናው ይሥራ" አሉኝ። እውነትም ሲመለሱ ቅባቱ ላልቶ በጨርቅ ብቻ ተጠራረገ። የምድጃውን ብረትና ታቹ የጠቆረውን ድስት ደግሞ በተነፋ የከሰል አመድ ነው ያጸዱት፤ አመዱ የመጣው ከራሳችን የቡና ምድጃ ነው። ሴራሚኩንና የሚያብረቀርቀውን ዕቃ ግን አመድ ይጭረዋል ብለው አላስነኩም።

ቧንቧዎቹን በሎሚ ጭማቂ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልለው አቆዩአቸው። ድንጋዩ ለስልሶ በብሩሽ ተነሳ። ያንኑ ሎሚ የማዕድ ቤቱ እብነ በረድ ላይ ልሞክር ብዬ ስነሳ እጄን ያዙኝ፤ ሎሚም ኮምጣጤም የእብነ በረድን ማብረቅረቅ ይበሉታል።

በረኪና ላይ ደግሞ ቀልድ የላቸውም። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም የሽንት ቤት አሲድ በነካው ቦታ በረኪና አያፈሱም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አብራቸው ትሠራ የነበረች ልጅ በዚህ ምክንያት ራሷን ስታ እንደወደቀች ነግረውኛል። ብዙ ሰው "እንዲበረታ" ብሎ የሚቀላቅለው ነገር ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። ሻጋታውን ሲነኩም ልጆቹ ጎረቤት እንዲሄዱ አድርገው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ነው። ሻጋታ በደረቁ ሲፈተግ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋልና መጀመሪያ አረጠቡት፤ በሳሙና አጥበው ካነሱት በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ የቀጠነ በረኪና ቀብተው ጥቂት አቆይተው አጠቡት።

እኔን የማረከኝ ግን ከዚህ በኋላ የተናገሩት ነው። "ይህ ተመልሶ ይመጣል። ውኃው ከውጭው ግድግዳ ነው የሚገባው፤ ለአከራያችሁ ንገሩ። እስከዚያ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አርቁት፣ መስኮቱንም ጠዋት ጠዋት ክፈቱ። ለዚህ ሁለተኛ እኔን ከፍላችሁ አትጥሩ።" በየወሩ እየመጡ ሊያጸዱትና ሊቀበሉን ይችሉ ነበር።

ክፍያቸው በቀን 1,000 ብር ነው። ዕቃውንና የታክሲያቸውን ጨምረን ድርጅቱ ከጠየቀን ሩብ እንኳ አልደረሰም። እንዳትቀየሙኝ ጉድለቱንም ልናገር። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፤ በግማሽ ቀን ይጠናቀቅልኝ ለሚል ሰው አይሆኑም። የመስኮቱን የውጭ ገጽ ፎቅ ላይ ሆነው አያጸዱም፣ ደግሞም ልክ ናቸው። ሶፋና ፍራሽ አያጥቡም። ከባድ ዕቃ የሚያንቀሳቅስ ሰው እናንተ ማዘጋጀት አለባችሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ዋጋቸውን ዝቅ ለማድረግ አትከራከሯቸው። ቁጠባው ያለው ሳይገዛ በቀረው ጠርሙስ ነው እንጂ ከእሳቸው ጉልበት ላይ አይደለም። ሒሳባቸውን በዕለቱ ስጧቸው፤ ምሳ አብሯችሁ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ ሽሮ ካለ ይበቃቸዋል።

እሑድ እንዲሁም ወር በገባ በ12 እና በ21 አይሠሩም። ከመስቀል በፊት ያሉት ቀናት አብዛኞቹ ተይዘዋል። ስልካቸውን ለመስጠት ፈቅደውልኛል፤ በውስጥ መልእክት ለጠየቀኝ እልካለሁ። ስትደውሉ የውኃ ፈረቃችሁንና ስንተኛ ፎቅ እንደሆናችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።