ደሴ ፒያሳ ያለችው የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ

ቅዳሜ ፒያሳ ካለች ጠባብ ሱቅ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የሚያወራ አሮጌ መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋኑ ተገንጥሏል። ባለሱቁ «ጋሼ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ» አለና በመርፌና በወፍራም ክር ሰፋልኝ። ለስፌቱ አላስከፈለኝም።

ማታውን ሳነበው አመሸሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 1914 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች። ሩሲያ ለሰርቢያ ብላ ክተት ጠራች። ጀርመን የኦስትሪያ አጋር ናት፤ ሩሲያን ገጠመች፣ ቀጥላም የሩሲያን አጋር ፈረንሳይን። ቤልጂየም ስትወረር እንግሊዝ ገባች። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት! እጄ ገጹ ላይ ደርቆ ቀረ።

ለእኛ ለወሎዎች ደግሞ ነገሩ የሩቅ አይደለም። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች (የዲፕሎማት ጽሕፈት ቤቶች) ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን አዘነበሉ ብለው አቤቱታ አቀረቡ። የቤተ መንግሥቱ ሽኩቻም ነበረበት፣ እሱን አልክድም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ። በወሩ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ንጉሡ እዚሁ ደሴ ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ አሁን ሳየው ሆዴ ይባባል።

ሱቋ ጨለም ትላለች፣ ዋጋም አልተለጠፈም። መጽሐፍ የሚወድ ግን ይሂድ እላለሁ። የታሪክ መጻሕፍቱ ከበሩ በስተግራ፣ ታች መደርደሪያ ላይ ናቸው።