ለጅቡቲ ባሕር የፍላይ ማጥመጃ፦ የቱን ልግዛ?

ዘንድሮ ቤተሰቡን ይዛችሁ ከድሬ ወደ ጅቡቲ ለመውረድ ካሰባችሁ፣ ልጆቹ ሲዋኙ እናንተ በፍላይ፣ ማለትም ላባ በታሰረበት ቀላል መንጠቆ፣ ዓሣ ማጥመድ ልትሞክሩ ትችላላችሁ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ በጣም ወድጄዋለሁም። ዕቃው ግን ውድ ነው። እንደ ሌላው ነገር እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ወርደን የምናነሳው ዓይነትም አይደለም፤ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው የሚገባው። አንዴ ተሳስታችሁ ካስመጣችሁ ሌላ ዘመድ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት እንነጋገር።

መጀመሪያ፦ ፍላይ ወይስ ተራው መወርወሪያ ዘንግ? ልዩነቱ ክብደቱ ያለው የት ነው የሚለው ነው። በተራው ዘንግ የሚከብደው ጫፉ ላይ የታሰረው ብረት ነው። ብረቱ ሲወረወር ክሩን ጎትቶ ይሄዳል። በፍላይ ግን መንጠቆው ላይ የታሰረችው ላባ ክብደቷ እዚህ ግባ አይባልም፤ የሚከብደው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ክሩን ወደ ኋላ ትወረውሩና እስኪዘረጋ ቆም ትላላችሁ፤ ከዚያ ወደ ፊት ትለቁታላችሁ። ተራውን ልጅም በግማሽ ሰዓት ይለምደዋል። ፍላይ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ለራሳችሁ ፍላይ ያዙ፣ ለልጆቹ አንድ ርካሽ ተራ ዘንግ ጨምሩ። ልጅ አሸዋ ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ እናንተን ሲያይ መዋል የለበትም።

የፍላይ ዘንግ በቁጥር ነው የሚሸጠው። ለባሕር ጀማሪ ምርጫው 8 ወይስ 10 ነው። 10 ቁጥር ነፋስ ይሰብራል፤ ጠንከር ያለ ዓሣም ይችላል። ግን ያልለመደ ትከሻ ቶሎ ይዝላል። 8 ቁጥር ቀላል ነው፤ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ ሊይዙት ይችላሉ። ትሬቫሊ ለሚባሉት፣ ዳር ዳር ለሚሉ ትንንሽ የባሕር ዓሦችም ይበቃል። እኔ 8ን እመርጣለሁ፤ ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ መውጣት ነው። ግዙፉን ትሬቫሊ ለሚያልም ሰው ግን 10ም አይበቃውም፤ እሱ 12 ቁጥር ይፈልግ። ሌላው፣ ባለ አራት ቁራጭ ግዙ። 2.7 ሜትር ገደማ የሆነው ዘንግ ለአራት ሲፈታ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆንና ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ባለ ሁለቱ አይገባም፤ ባቡር ላይም እንደ ምርኩዝ ይዛችሁት ትንከራተታላችሁ።

ዘንግ ላይ መካከለኛ ዋጋ ያለው ይበቃል። ገንዘባችሁን ለሪሉ፣ ክሩ ለሚጠቀለልበት ዕቃ፣ አስቀምጡት።

ሪል ሁለት ዓይነት ነው፦ ፍሬኑ ክፍት የሆነና ፍሬኑ የታሸገ። ክፍቱ ለወንዝና ለሐይቅ የተሠራ ነው፤ ዋጋውም ያጓጓል። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት እሱን ነበር። ሻጩ ለባሕርም ይሆናል ብሎኝ አምኜው ነው። በሦስተኛው ቀን ማዞሪያው ሥር ነጭ ጨው እንደ ዱቄት ተጋግሮ አየሁ። በጣቴ ጠርጌው ቀጠልኩ። ከዚያ አንድ ዓሣ ያዘና ወደ ጥልቁ ሮጠ። ሪሉ ሁለት ጊዜ ዞረና ቀጥ አለ። ጫፉ ላይ ያለው ቀጭን ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ዓሣው ምን እንደነበር እንኳን አላየሁም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። የባሕር ዓሣ ሲያዝ ሩቅ ይሮጣል፤ ፍሬኑ እየያዘ ክር ካልለቀቀለት ያበቃል። ስለዚህ የታሸገውን ግዙ። ከወፍራሙ ክር በታች 150 ሜትር መጠባበቂያ ክር የሚይዝ ይሁን።

ክሩስ? ቁጥሩ ከዘንጉ ጋር እኩል ይሁን፣ 8 ለ8። ከዚያ «ለሞቃት አገር» የሚለውን ፈልጉ። ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራው ክር በኛ ሙቀት ይልፈሰፈሳል፤ ከዘንጉ ቀለበቶች ጋር እየተጣበቀም አልወረወርም ይላል። ተንሳፋፊና ሰጣሚ ከተባላችሁ ተንሳፋፊውን ውሰዱ፤ እስከ ጉልበት ለሚደርስ ውኃ እሱ ነው። ጫፉ ላይ የሚታሰረው ቀጭን ክር ከናይለን ይልቅ ፍሎሮካርቦን ቢሆን ይሻላል፤ የኮራል ድንጋይ ሲፍቀው ይችላል። ባራኩዳ ካለ ግን አጭር ሽቦ አክሉበት፤ ጥርሱ ምላጭ ነው።

ልምምዱ እዚሁ ድሬ ይጀመር። በበጋ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሰፊ ነው፤ ከኋላ ክር የሚይዝ ዛፍ የለም። በመንጠቆው ፋንታ ቀይ የሹራብ ክር እሰሩ። አሥራ አምስት እርምጃ ርቃችሁ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አስቀምጡና እሱ ላይ አነጣጥሩ። አንድ ነገር ከአሁኑ ልመዱ፦ ዓሣ ሲነክስ ዘንጉን ወደ ላይ አታንሱ፣ ክሩን በሌላው እጃችሁ ሳብ አድርጉ። በክረምት ግን አሸዋው ላይ አትውረዱ። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ከደጋ ጎርፍ ይመጣል፤ የ1998ቱን የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም።

የጉዞው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ጥሩ ነው። በእኛ ክረምት ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ልጆች አይችሉትም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል፤ ሰው አይነካም። ልጆቹ ከዘንጉ ይልቅ እሱን ነው የሚወዱት።

መነጽር የውኃውን ነጸብራቅ የሚሰብር፣ መስተዋቱ ቡናማ የሆነ ይሁን፤ ግራጫው ለጥልቅ ውኃ ነው። የሚበር መንጠቆ ዓይን ስለሚያገኝ ከአጠገባችሁ ለሚቆም ልጅም መነጽር አድርጉለት። ጫማ ላይ ኮንጎና ወፍራም ሶል ያለው ሸራ ጫማ ቢወዳደሩ ሸራው ነው የሚያዋጣው፤ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛም ዓሣ አለ። ውኃ ውስጥ እግር አንስታችሁ አትርገጡ፤ አሸዋውን እየፋቃችሁ ሂዱ።

ማታ ማታ ሪሉን በንጹሕ ውኃ እጠቡት። ከመታጠቡ በፊት ፍሬኑን አጥብቁ። በኃይል በሚረጭ ጎማ አትምቱት፤ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከጄሪካን ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት፣ በጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ ፍሬኑን አላልታችሁ አሳድሩት።