የሙቀት ትራንስሚተሮቻችንን ካሊብሬት ላደረገችልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለሚፈልጋትም ጥቆማ

የፋብሪካችንን የሙቀት ትራንስሚተሮች (የሴንሰርን ንባብ ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል ቀይረው ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚልኩ መሣሪያዎች) ካሊብሬት ያደረገችልንን፣ ማለትም ንባባቸውን ከታመነ መለኪያ ጋር አነጻጽራ ያስተካከለችልንን እህታችንን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ይህ ሥራ በደንብ ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም፤ ሲበላሽ ግን ሁሉም ያወራበታል። ስለዚህ እኔ በደንብ የተሠራውን ላውራ።

ችግራችን ይህ ነበር፦ ትራንስሚተሩ ራሱ ላይ የሚነበበው ሙቀትና መቆጣጠሪያ ክፍል የሚደርሰው ሙቀት አይገጥሙም። ከዚህ በፊት የመጡት ሰዎች በኮሚዩኒኬተር (ትራንስሚተሩን በሚያዋቅር የእጅ መሣሪያ) ገብተው ሬንጁን፣ ማለትም የሚለካውን የሙቀት ወሰን፣ ከፍ ዝቅ ያደርጉና ቁጥሮቹ ሲገጥሙ "ተስተካክሏል" ብለው ይሄዳሉ። በአንድ ነጥብ ላይ እውነትም ይገጥማል። ሙቀቱ ሲቀየር ልዩነቱ ተመልሶ ይመጣል። ሬንጅ መቀየር ካሊብሬሽን አይደለም፤ ስህተቱን መሸፈን ነው።

እሷ ግን መፍቻ ከማንሳቷ በፊት ኦፕሬተሮቹን አነጋገረች። ሉፑን (ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠረውን ሥርዓት) ወደ ማኑዋል አስቀየረች፣ ኢንተርሎኩም (አደጋ ሲኖር መስመሩን የሚያቆመው መከላከያ) በጽሑፍ ፈቃድ ለጊዜው እንዲታለፍ አደረገች። የሴንሰር ሽቦ ሲነቀል ትራንስሚተሩ የብልሽት ሲግናል ይልካል፤ ብዙ ጊዜ ከተለመደው 4–20 ሚሊአምፔር ወጣ ያለ፣ ከ21 በላይ ወይም ከ3.6 በታች። ይህ ሳይታሰብ ከተሠራ መስመሩ በሙሉ ሊቆም ይችላል።

ከዚያ ምንም ሳታስተካክል መሣሪያው ያለበትን ሁኔታ በየነጥቡ መዘገበች። እኔ ከሥራዋ ሁሉ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። ከማስተካከያ በፊት ያለው ንባብ ካልተጻፈ ምርቱ እስከ ዛሬ በየትኛው ሙቀት ሲያልፍ እንደቆየ ማወቅ አይቻልም።

ስማርት ትራንስሚተር መጀመሪያ የሴንሰሩን ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለውን ተቃውሞ) ወደ ዲጂታል ቁጥር ይቀይራል፤ ቀጥሎ ያንን ቁጥር በተሰጠው ሬንጅ ያሰላዋል፤ በመጨረሻ ወደ 4–20 ሚሊአምፔር ያወጣዋል፤ 4 የሬንጁ ታች፣ 20 የሬንጁ ላይ ነው። እሷ እያንዳንዱን ለየብቻ ፈተሸች። በሴንሰሩ ቦታ የሬዚስታንስ ሳጥን ገጠመችና ለፒቲ-100 (ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ የሚጨምር የፕላቲነም ሴንሰር) የሚገባውን ሰጠች፦ ለ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ ለ50 ዲግሪ 119.40፣ ለ100 ዲግሪ 138.51፣ ለ200 ዲግሪ 175.86። ዲጂታል ንባቡ ልክ ነው። ሬንጁን ወደ ዲዛይኑ 0–200 ዲግሪ መልሳ ስትለካ ግን 50 ዲግሪ ላይ በትክክል 8 ሚሊአምፔር መውጣት ሲገባው አልወጣም። የተበላሸው መውጫው ነበር፤ የመውጫ ትሪም (የሚወጣውን ሲግናል ማረም) አድርጋ አስተካከለችው። የሴንሰሩን ትሪም አልነካችውም፣ መንካትም አልነበረባትም።

ሌላው ትራንስሚተር ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። ሦስት ሽቦ ያለው ሴንሰር ሆኖ ሳለ ትራንስሚተሩ ለሁለት ሽቦ ተዋቅሮ፣ የሽቦውንም ሬዚስታንስ ከሴንሰሩ ጋር ደምሮ ሲቆጥር ተገኘ። ፒቲ-100 በአንድ ዲግሪ የሚቀየረው በ0.385 ኦም ገደማ ነው፤ ስለዚህ 1 ኦም የሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ 2.6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ያንን በዜሮ ማስተካከያ (ንባቡን በሙሉ ዝቅ በማድረግ) መደበቅ ቀላል ነበር። ሽቦው ግን የአካባቢው ሙቀት ሲለዋወጥ ሬዚስታንሱም ይለዋወጣል፣ ስህተቱም ከቦታው ይንቀሳቀሳል። አወቃቀሩን አስተካክላ እንደገና ለካች።

ሴንሰሮቹንም አልዘለለችም። ድራይ ብሎክ (የተፈለገውን ሙቀት የሚሰጥ የብረት ማሞቂያ) ውስጥ ከማጣቀሻ ቴርሞሜትር ጎን ለጎን፣ በእኩል ጥልቀት አስገብታ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠበቀች፤ በብሎኩ በራሱ ስክሪን አልተማመነችም። ሙቀቱ ሲወጣም ሲወርድም ለካች። ይህ ሰዓት ይበላል። ችኮላ ያለበት ሰው ይህንኑ ነው መጀመሪያ የሚቆርጠው።

ያስረከበችን ሰርቲፊኬት ከማስተካከያ በፊትና በኋላ ያለውን ንባብ፣ የተጠቀመችበትን ማጣቀሻ መሣሪያና የራሱን የካሊብሬሽን ቀን፣ ልኬቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳየውንም መጠን ይዟል። የእኛን ልጆችም አጠገቧ አቁማ እያስረዳች ነው የሠራችው። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ከልብ እናመሰግናለን።

ባለሙያ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመምጣቷ በፊት የየትራንስሚተሩን መለያ ቁጥር፣ የሴንሰር ዓይነት፣ የዲዛይን ሬንጅና ሂደቱ የሚፈቅደውን የስህተት ወሰን አዘጋጅታችሁ ጠብቋት። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ የስህተቱን ወሰን ነው።