ወገቤን ለማሸት እምቢ ላለችኝ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሳሪስ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ለምትሰጥ እኅታችን በአደባባይ ምስጋና ለማቅረብ ነው። እንደ እኔ የወገብ ሕመሙ ለቀቀኝ ሲል እየተመለሰ የሚያሠቃየው ሰው ካለም እርሷ ዘንድ እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈቀደች አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ። የማመሰግናት ግን ስላሸችኝ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን አላሽም በማለቷ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሲሆን፣ ለሳምንታት አንገላቶኝ ይተወኝና ድኛለሁ ብዬ ስረጋጋ ተመልሶ ይመጣ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል የሥራ ባልደረቦቼ ጥፋቱን በወንበሩ ላይ አደረጉ፤ እናቴ ብርድ ነው አለች፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ኩላሊት ነው አሉ (በእኛ ሰፈር ወገቡን ይዞ የተነሣ ሰው ሁሉ ኩላሊቱን ነው የሚታመመው)። የሽንት ምርመራውም ሆነ አልትራሳውንዱ ግን ምንም አላሳየም። ወጌሻም ሞክሬያለሁ። ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር የዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) መርፌ እወጋለሁ፣ ለጥቂት ቀናት ሰው እሆናለሁ፣ ከዚያ ጨጓራዬ ሲነሣብኝ ወገቤም አብሮ ይመለሳል። በመጨረሻ ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ሆስፒታል ኤምአርአይ አዝዞልኝ ከተነሣሁ በኋላ ዲስክ መንሸራተት ነው ተባልኩና ዕረፍት እንዳደርግ፣ ከባድ ዕቃም እንዳላነሣ ተነገረኝ። እንደ ታዘዝኩት ተኛሁ፤ በተኛሁ ቁጥር ግን የባሰ ደረቅሁ። ሊነጋጋ ሲል ሕመሙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል፣ ጠዋት ካልሲዬን ለማጥለቅም የባለቤቴ እርዳታ ያስፈልገኝ ነበር።

ወደዚህች ባለሙያ የሄድኩት ለማሳጅ ነበር። እርሷ ግን አልጋው ላይ እንድወጣ አልፈቀደችም፤ የኤምአርአዩን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ካየች በኋላ ወደ ጎን አስቀምጣ ትጠይቀኝ ጀመር። ሕመሙ ስተኛ ነው የሚሻለኝ ወይስ ስንቀሳቀስ? ጠዋት ሰውነቴ እስኪፍታታ ምን ያህል ይፈጃል? ተረከዜን ያመኛል? ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አለ? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ስፈልግ በሰሙነ ሕማማት ስሰግድ ሰንብቼ በስቅለት ማታ ወገቤ ከሌላው ጊዜ ሁሉ እንደቀለለኝ ትዝ አለኝ፤ በረከት ነው ብዬ ለማንም ሳልተነፍስ የያዝኩት ነገር ነበር። ብዕሯን አስቀመጠችና በረከቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሕመሙ ከዲስክ የሚመጣ ሰው ያን ሁሉ ጎንበስ ቀና ብሎ ብዙውን ጊዜ ይብስበታል እንጂ አይቀለውም አለችኝ። ቀጥላም ዓይኔ ቀልቶና ታምሞ ብርሃን ማየት የተቸገርኩበት ጊዜ እንደ ነበር ጠየቀችኝ። ነበር፤ በሌላ ክሊኒክ ጠብታ ተሰጥቶኝ ድኜ ረስቼዋለሁ፣ ከወገቤ ጋር ሊያያዝ ይችላል ብሎ የነገረኝም ሰው አልነበረም።

ከዚያ አስነሥታ ለካችኝ። በወገቤ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ምልክት አድርጋ በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ካኖረች በኋላ ጉልበቴን ሳላጥፍ እንድጎነበስ አዘዘችኝ። በጤነኛ ወገብ ላይ ያ ርቀት ተስቦ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የእኔ 12 እንኳ በቅጡ አልሞላም። ደረቴንም በሜትር ከብባ አየር ስስብና ስተነፍስ ያለውን ልዩነት መዘገበች።

ያስረዳችኝ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ምንም ሕመም የማያውቃቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ ከ20 ዓመት ወጣቶች መካከል ወደ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ የዲስክ ማበጥ ይታያል፤ ስለዚህ ፊልሙ ላይ ዲስክ መታየቱ ብቻውን ሕመሙ ከእርሱ ለመምጣቱ ማስረጃ አይሆንም። ከ45 ዓመት ዕድሜ በፊት ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ ከ3 ወር በላይ የሚቆይ፣ በዕረፍት የሚብስና በእንቅስቃሴ የሚሻል፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ አድርቆ የሚይዝ የወገብ ሕመም ግን የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች ብግነት ሊሆን ስለሚችል በሐኪም መጣራት አለበት። «ወንድሜ፣ ዛሬ አሽቼህ ገንዘብህን ብቀበል እንደ መርፌው ለሳምንት አስታግሼህ መላኬ ነው፤ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ» አለችና የለካችውን ሁሉ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ አስፍራ ለአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ያስከፈለችኝ የካርድ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። በአገራችን ለወገብ ሕመም መነሻ የሚሆኑትን የአከርካሪ ቲቢንና ብሩሴላን (ከከብት፣ በተለይም በጥሬ ወተት የሚተላለፍ በሽታ) ሳያወጣ ወደ ሌላ እንደማይሄድ ነግሮኝ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ሌሊት ላብ፣ ስለ ክብደት መቀነስ፣ ጥሬ ወተት ስለ መጠጣቴም ጠየቀኝ፤ የደም ምርመራም አዘዘ። ቀጥሎ የተነሣሁት ኤምአርአይ ወገቤን ሳይሆን አከርካሪ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገናኝባቸውን መገጣጠሚያዎች የሚያሳይ ሲሆን፣ ብግነቱ በሁለቱም ጎን ታየ። የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ብግነት ሕመሞች) ስፔሻሊስቶች በአገራችን እጅግ ጥቂት በመሆናቸው ወረፋው ቢያስለፋም፣ በመጨረሻ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይቲስ፣ ማለትም እርሷ የጠረጠረችው የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች ብግነት መሆኑ ተረጋገጠልኝ። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሊያዝና ሊገታ ግን ይችላል። የታዘዘልኝ መድኃኒት ቀድሞ በመርፌ እወጋው ከነበረው ጋር አንድ ወገን ሲሆን፣ ልዩነቱ አሁን በመጠን፣ ከምግብ በኋላ፣ ከጨጓራ መከላከያ ጋርና በሐኪም ክትትል መውሰዴ ነው።

በዚህ ጊዜ ወደ እርሷ ተመለስኩ፤ አሁን ሥራዋ ጀመረ። በደረት ተኝቶ ቀና ማለትን፣ ተረከዝንና ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መቆምን፣ ደረትን በጥልቅ ትንፋሽ መክፈትን አስተማረችኝ። ሳልሠራ ሄጄ ሠርቻለሁ ብላት በሜትሯ ታውቅብኛለች። ዛሬ ካልሲዬን ራሴ አጠልቃለሁ፤ ሕመሙ አንዳንድ ሰሞን ቢያገረሽም ምን እንደ ሆነና ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

እውነቱን ለመናገር መጠበቂያ ወንበሮቿ ጥቂት ናቸው፣ ስልክም ቶሎ አታነሣም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ባትሄዱ ይሻላል። ስትሄዱ የቀድሞ ፊልሞቻችሁንና የወሰዳችኋቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ያዙ፤ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደሚነሣና ምን እንደሚያስታግሰው አስባችሁ ሂዱ፣ መጠየቋ አይቀርምና። በሯ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጥፋለች፦ ሽንቱን መሽናት ወይም መቆጣጠር ያቃተው፣ በመቀመጫው ዙሪያ የደነዘዘው ወይም እግሩ የከዳው ሰው እዚህ ወረፋ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ ይላል።