ከአልጋ እስከ አልጋ ለቆጠረችልን ልጅ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ ከነበረብኝ ሦስት ሳምንት አልፎኛል። ከጉዞ ስንመለስ ሥራ ተከምሮ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ምስጋና ሲያድር ግን ደስ አይልም፤ ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጨርሰው።

እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አገር ከከተማ ከተማ በባቡር ዞረን በሰላም ተመልሰናል። አገሩ ጣሊያን ነው። አሥር ሌሊት፣ አራት ከተማ። ጉዞውን ያቀደችልን ብቻዋን የምትሠራ አንዲት የጉዞ አማካሪ ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጠራ ለምናኛለች፤ ከአቅሟ በላይ ሰው ከመጣባት ሥራዋ እንዳይበላሽ ትፈራለች። ስለዚህ «ልጅቷ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ከእሷ በፊት አንድ የጉዞ ቢሮ ሄደን ነበር። በአሥር ቀን ስምንት ከተማ ያለበት ፕሮግራም አወጡልን፦ ሮም፣ ኔፕልስ፣ ፍሎረንስ፣ ፒሳ፣ ቦሎኛ፣ ቬኒስ፣ ቬሮና፣ ሚላን። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ያምራል፤ እኔም በጣም ወድጄው ነበር። ቪዛችን ገና ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ የባቡር ትኬት አሁኑኑ ግዙ ሲሉን ግን ባለቤቴን ደስ አላለውም። ልጅቷን ያገኘናት ያኔ ነው፤ በሥራ ባልደረባው ጥቆማ።

ዝርዝራችንን ተቀብላ አየችው። ስለ ከተሞቹ ምንም አላለችም። ጥያቄ ነው የጀመረችው። ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ? ሻንጣ የሚይዘው ማነው? እማማ ደረጃ ሲወጡ ይደክማቸዋል? እኔ ስለ ቤተ መዘክርና ስለ አደባባይ ላወራ ነበር የተዘጋጀሁት።

ከዚያ «ከአልጋ እስከ አልጋ ቁጠሪው» አለችኝ።

ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰው ይህን ይሰማና ምን አላት ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር። እሷ ወረቀት ሳበችና ደረደረችው። ሻንጣ መክተት። ከሆቴሉ መውጣት። ጣቢያ መድረስ። መጠበቅ። መሳፈር። ወርዶ አዲሱን ሆቴል መፈለግ። ክፍሉ እስኪዘጋጅ መቀመጥ። ደመረችው፤ አምስት ሰዓት ሞላ። «ስምንት ቦታ ካደራችሁ ይህን ሰባት ጊዜ ታደርጉታላችሁ። ሠላሳ አምስት ሰዓት ነው፤ የአንድ ቀን መዞሪያችሁን አሥር ሰዓት ብንይዘው ሦስት ቀን ተኩል በሻንጣ አለቀ ማለት ነው» አለች። እኔና ባለቤቴ ተያየን።

ስምንቱ አራት ሆኑ። ሮም አራት ሌሊት፣ ፍሎረንስ ሦስት፣ ቬኒስ ሁለት፣ ሚላን አንድ። ፒሳ ከፍሎረንስ ደርሶ መልስ ሆነች። ኔፕልስና ቬሮና ቀሩ። ቦሎኛን እንዳትሰርዝብኝ ስለምናት ደግሞ «አልሰርዛትም፤ አሳጥራታለሁ» አለች። ይህን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም አደረገች። አውሮፕላኑን በሮም አስገብታ በሚላን አስወጣችን። ወደ ተነሣንበት ለመመለስ የሚባክን ቀን አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ትኬት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።

የባቡር ትኬቱን ነገር ያስረዳችን ደግሞ ረጋ ብላ ነው። እኔም ልድገመው፤ መጀመሪያ የሚሄድ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እዚያ አገር ሁለት ዓይነት ባቡር አለ ብላችሁ ያዙት። አንዱ ፈጣኑ ነው። በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የመንግሥት ኩባንያ የሆነው ትሬንኢታሊያ ፍሬቻሮሳ የሚባሉትን ያንቀሳቅሳል፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ኢታሎ የሚባል የግል ተፎካካሪ አለ። የሁለቱንም ዋጋ ማየት ያዋጣል። የፈጣን ባቡር ትኬት የሚሠራው ለዚያው ባቡርና ለዚያው መቀመጫ ነው። ቀደም ብሎ ለገዛ ይረክሳል፤ ቀኑ ሲቀርብ ይወደዳል። በጣም ርካሹ ግን አይመለስም፣ ብዙውን ጊዜም አይቀየርም። ስለዚህ መጀመሪያ ቪዛ፣ ከዚያ ትኬት። ይቺን አንዲት ምክር ብቻ ሰጥታን ቢሆን ኖሮ እንኳ የከፈልናት ገንዘብ ሐላል ነበር።

ሁለተኛው በየትንሹ ከተማ የሚቆመው የአካባቢ ባቡር ነው። ዋጋው አንድ ነው፤ ዛሬም ግዙት ከወር በፊት፣ አይለወጥም። የመቀመጫ ቁጥር የለውም። የወረቀት ትኬት ከሆነ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለችው ትንሽ ማሽን ቀንና ሰዓት ማስመታት ግድ ነው። ሳያስመቱ የተሳፈሩ ሰዎች ትኬታቸውን በእጃቸው ይዘው ሲቀጡ በዓይናችን አይተናል። ልብ ይነካል፤ ትኬቱን ገዝተውታል እኮ።

ለብዙ ቀን የሚያገለግለውን የባቡር ፓስ ጠይቄያት ነበር። ፈጣኖቹ ላይ ለመቀመጫ ተጨማሪ እንደሚከፈልበት ነገረችኝ፤ ለእኛ ለጥቂት ጉዞ እንደማያዋጣም በቁጥር አሳየችኝ። እሷ ፓስ ብትሸጥልን ኮሚሽን ታገኝ ነበር ብዬ አስቤ ነበር። አትቀበልም። የምታስከፍለው አንድ የተቆረጠ ክፍያ ነው፤ ስንቱን ትኬት ብንገዛ ለእሷ ለውጥ የለውም። ትኬቶቹንም ራሳችን ነን የገዛነው፤ እሷ አጠገባችን ተቀምጣ የትኛውን መጫን እንዳለብን ታሳየን ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ ልምጣ። ለእያንዳንዱ ባቡር አንድ ገጽ አዘጋጀችልን፤ በትልልቅ ፊደል፣ እማዬ ያለ መነጽር እንድታነበው። ላይኛው ላይ የባቡሩ ቁጥር። ቀጥሎ ሰዓቱ በሁለት መንገድ፤ በእነሱ 14፡35፣ በእኛ ከቀኑ 8፡35። ቀጥሎ የፉርጎና የመቀመጫ ቁጥር። ከዚያ እዚያ አገር ሰሌዳ ላይ የምናያቸው ቃላት በእኛው ፊደል፦ ፓርቴንሴ መነሻ፣ አሪቪ መድረሻ፣ ቢናሪዮ ባቡሩ የሚቆምበት መስመር፣ ካሮሳ ፉርጎ፣ ሪታርዶ መዘግየት። ፍሎረንስ እዚያ ፊሬንሴ፣ ቬኒስም ቬኔዚያ ተብለው እንደሚጻፉም ነበረበት። ከታች በቀይ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ።

የመጀመሪያው ገጽ ቀይ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሰሌዳው ላይ ፊሬንሴ የሚል ብታጡ አትደንግጡ። የሚጻፈው ባቡሩ የሚያበቃበት ከተማ ነው። ቁጥሩን ብቻ ፈልጉ።»

ሰኞ ጠዋት ሮም ቴርሚኒ ቆመናል። ጣቢያው ከ30 በላይ መስመር አለው፤ ሰው እንደ ጎርፍ ነው። እማዬ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየችና እጄን ያዘችኝ። «ልጄ፣ ፍሎረንስ የሚል የለም። ይሄኛው ቬኒስ ነው የሚለው። ተሳስተናል።» ገጹን አወጣሁ። ቁጥሩን በጣቷ ተከተለች፤ ከዚያ ሰሌዳውን፤ ከዚያ እንደገና ገጹን። «እሱ ነው! ቁጥሩ እሱ ነው!» አለች። የመስመሩ ቁጥር የወጣው ባቡሩ ሊነሣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ያም ገጹ ላይ ተጽፎ ስለነበር አልተሯሯጥንም። ከዚያ በኋላ ባቡር የማግኘቱን ሥራ እማዬ ወሰደችው። እኔና ባለቤቴ ሻንጣ ነበር የምንጎትተው።

ሰኞን የመረጠችውም በምክንያት ነው። ፍሎረንስ ያለው የኡፊዚ ቤተ ሥዕል ሰኞ ዝግ ነው። የጉዞ ቀናችን ሰኞ ላይ ሲውል ምንም አልጎደለብንም። የቫቲካን ቤተ መዘክሮችም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ ስለሚዘጉ ያንን ዓርብ ላይ አድርጋልን ነበር። እንዲህ ያለውን ማንም ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል። እሷ ግን ከባቡሩ ጋር ገጣጠመችው።

ፍሎረንስ ሳለን መልእክት ላከችልን። ፒሳ ልንሄድ ባሰብንበት ረቡዕ የባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ተጠርቷል። ውሌ አብቅቷል ብትለንም አልፈርድባትም ነበር፤ ግን እየተከታተለችን ነበር። እዚያ አገር አድማ አስቀድሞ ይነገራል፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት እና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ደግሞ የአካባቢ ባቡሮች እንዲሠሩ ግዴታ አለ። «በማለዳው ሂዱ፣ በምሽቱ ተመለሱ፣ መሀሉን ፒሳ ዋሉ» ብላ ጻፈችልን። እንደዚያው አደረግን። ጣቢያው ውስጥ ብዙ ሰው ግራ ገብቶት ቆሞ ነበር። እኛ ከቁርስ በፊት ተሳፍረናል። እማዬ ያዘመመውን ማማ ፊት ለፊት ተቀምጣ «እስካሁን እንዴት ሳይወድቅ ቀረ» እያለች ግማሹን ቀን ስታየው ዋለች። ባይቸኩሉ እንደዚህ ነው የሚታየው።

ቦሎኛ ላይ ልመለስ። ከፍሎረንስ ቬኒስ ቀጥታ ባቡር አለ፤ ልጅቷ ግን ቦሎኛ ላይ በሌላ ባቡር ቀይራ ሦስት ሰዓት ተወችልን። ብዙዎቹ ፈጣን ባቡሮች የሚቆሙት ከመሬት በታች ስለሆነ ለመውጣትና ለመግባት ጊዜ ይበላል፤ ያንን ቆጥራዋለች። ሻንጣውን የዕቃ ማቆያ አስቀምጠን ምሳ በላን። የገጹ ቀይ መስመር እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። «ከጣቢያው ወጥታችሁ ሰዓቱን ቀና ብላችሁ እዩት» ይላል። አየነው። በእነሱ 10፡25፣ በእኛ ከጠዋቱ 4፡25 ላይ ቆሟል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1980 ጠዋት በዚያች ደቂቃ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰው ሞቷል። ውስጥ የስሞቻቸው ዝርዝር አለ፤ የተሰነጠቀው ግድግዳም እንዳለ ተትቷል። በበጋ ዕረፍት ሊጓዙ ሻንጣቸውን ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ፤ እንደ እኛ። እማዬ ስሞቹን አንድ በአንድ ለማንበብ ሞከረች። ሦስት ሰዓት ብቻ የቆየንባት ከተማ ናት፤ ዛሬም ሳስባት ዝም እላለሁ።

የቬኒሱ ገጽ ቀይ መስመር አጭር ናት፦ «ሜስትሬ ላይ አትውረዱ።» ቬኔዚያ የሚሉ ትልልቅ ጣቢያዎች ሁለት አሉ። ሜስትሬ የብሱ ላይ ያለው ነው። የመጨረሻው ሳንታ ሉቺያ ነው ደሴቷ ላይ ያለው። ከሜስትሬ በኋላ ባቡሩ ወደ 4 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ድልድይ ባሕሩን ያቋርጣል። ግራም ቀኝም ውኃ ነው። እማዬ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ቀረች።

ከጣቢያው ስትወጡ ደጃፉ ላይ ታላቁ ቦይ ነው። አጠገቡ ደረጃ ያለው ትልቅ ድልድይ ይታያል። ከ400 በላይ ድልድይ ባለባት ከተማ ጉልበቷን የሚያማትን እናትና ሦስት ሻንጣ ይዞ ደረጃ መውጣት ምን እንደሆነ አስቡት። ሆቴላችን ግን በስተግራ ነበር፤ አንድም ድልድይ ሳንሻገር፣ ሻንጣውን በጎማው እየገፋን ደረስን። ያንን ሆቴል የመረጠችው በኮከቡ አይደለም፤ በድልድዩ ነው። ከተማዋንም እማዬ አብዛኛውን በሕዝብ ጀልባ ተቀምጣ ነው ያየችው፤ መስመር 1 ታላቁን ቦይ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል።

ሚላን ላይ ብዙ አላየንም። አድረን፣ ከማዕከላዊ ጣቢያው በባቡር ማልፔንሳ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ወደ አገራችን ተመለስን።

ልጅቷን ሳመሰግን የማይመቻችሁ ነገር ካለም ልንገራችሁ። ቪዛ አትሠራም። ምሽት ላይ ለሚላክ መልእክት በማግስቱ ነው የምትመልሰው። ሁሉን ነገር ጨርሳችሁ ስጡኝ ለሚል ሰው አትሆንም፤ ቁጭ አድርጋ ታስተምራለች፣ ታሠራለች። ብዙ ከተማ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ልብ ትሰብራለች። እኔን ሰብራኝ ነበር፤ አሁን እጇን ብስም ደስ ይለኛል።

ስትጽፉላት ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የስንት ዓመት ሰው እንዳለ፣ ስንት ሻንጣ እንደምትይዙ አስቀድማችሁ ንገሯት። የሚያመው ሰው ካለ አትደብቋት። የእናቴን ጉልበት እኔ አልነገርኳትም ነበር፤ እማዬም «ያመኛል» አትልም። ልጅቷ ስለ ደረጃ ደጋግማ ጠይቃ ነው ያወቀችው።